ጊኒ ፒጎቹ የት ይደሩ?

የዛሬው ትምህርታችን አንዲት እኅታችን ካቀረበችልን ጥያቄ የተነሣ ነው። እኅታችን የምትሠራው ደማም ከሚኖር ቤተሰብ ዘንድ ነው። ቤተሰቡ ሐሙስ ማታ ወደ ኒስፍ አልቀመር፣ ባሕሩ ዳር ወዳለው ኢስትራሃው ይሄዳል፤ ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ እዚያው ሳምንታት ይቆያል። ለልጆቹ ሁለት ጊኒ ፒጎች ተገዙላቸውና ማደሪያቸው በግቢው ጥግ ያለው የቆርቆሮ መኽዘን ሆነ። ባለፈው ሐምሌ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ብትገባ ሁለቱንም ተዘርረው ሞተው አገኘቻቸው። «ውኃ አልሰጠሻቸውም» ተባለች። ጡጦው ግን ሙሉ ነበር። አሁን ሌሎች ሁለት መጥተዋል። «እነዚህም ቢሞቱብኝ ምን እመልሳለሁ?» ስትል ጠየቀችን።

እኛም ጠይቀንና አንብበን የደረስንበትን እንነግራችኋለን። በእኛ አስተያየት እንስሳቱን የገደላቸው ቤቱ ነው።

አስቀድመን ስለ ስሙ ጥቂት እንበል፤ ብዙዎቻችሁን ግራ ያጋባልና። ዐረቦቹ «ኺንዚር ሂንዲ» ሲሉት ሰምታችሁ አሳማ ነው ብላችሁ ለመንካት የተጸየፋችሁ አትጠፉም። አሳማ አይደለም፤ ከህንድም ከጊኒም አልመጣም። ከአይጥ ወገን የሆነ፣ ሣር የሚበላ እንስሳ ነው። የትውልድ አገሩ በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ሲሆን፣ በፔሩና በቦሊቪያ ያሉ ሰዎች ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ጀምሮ ለሥጋው ያረቡታል። እንግዲህ የደጋ እንስሳ ነው ማለት ነው። ይህን ከያዛችሁ ሌላው ሁሉ ይገባችኋል።

ለጊኒ ፒግ የሚስማማው ሙቀት ከ18 እስከ 24 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከ27 ሲያልፍ ይጨነቃል፤ 30 ከደረሰ ሊሞት ይችላል። እንደ እኛ አያልብም፤ ስለዚህም ገላውን የሚያቀዘቅዝበት መንገድ እጅግ ጥቂት ነው። የኒስፍ አልቀመርን አየር ደግሞ ታውቁታላችሁ። ብዙ በማይርቀው በዳህራን፣ ሐምሌ 1 ቀን 1995 ዓ.ም. (በፈረንጆች ጁላይ 8 ቀን 2003) የአየሩ ሙቀት 42 ዲግሪ ሳለ የጤዛ ነጥቡ 35 ዲግሪ ደርሶ ነበር። ይህ በዓለም ከተመዘገቡት ሁሉ ከፍተኛው ነው ተብሎ ይጠቀሳል። የጤዛ ነጥብ ሲበዛ አየሩ በውኃ ስለሚሞላ የሰውም ላብ አይደርቅም። ውጪው እንዲህ ከሆነ ፀሐይ የሚያርፍበት የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ምን እንደሚሆን አስቡት። በአውሮፓ የግቢ ዕቃ ቤት ለእነዚህ እንስሳት ጥሩ መኖሪያ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ግን በበጋው ወራት ምድጃ ነው።

ስለዚህ ምክራችን አጭር ነው። የአየር ማቀዝቀዣ የሌለው መኽዘን የሚያገለግለው ከኅዳር እስከ የካቲት ድረስ ብቻ ነው። በቀሩት ወራት ቤት ውስጥ ይግቡ። በቅዝቃዜው ወራትም ሌሊት ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ ወፍራም ድርቆሽ ያስፈልጋቸዋል፤ ነፋስ በቀጥታ እንዳይመታቸውም በአንድ ወገን ይከለልላቸው።

አንዳንድ ቤት «ቬንትሌተር ይበቃል» ይባላል። አይበቃም። ቬንትሌተር ሰውን የሚያቀዘቅዘው ላቡን በማድረቅ ነው፤ የማያልብ እንስሳ ላይ የሚነፍሰው ሙቅ አየር ብቻ ነው። «ሰሐራዊ» የሚባለው በውኃ የሚሠራው ማቀዝቀዣም ለሪያድ ደረቅ አየር እንጂ ለባሕር ዳር አይሆንም፤ እርጥበቱን ይጨምረዋል። የሚያድነው እውነተኛው ሙከይፍ ነው። እርሱም ማጣሪያው በአሸዋና በጨው ይደፈናልና በየሳምንቱ ይታጠብ። መብራት ቢጠፋ እንስሳቱን ወዲያውኑ አውጡ፤ በበረዶ የተሞላ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልሎ አጠገባቸው ማኖር የሚያቆየው ለጥቂት ጊዜ ነው።

አንዱ ተዘርግቶ ቢተኛ፣ ቶሎ ቶሎ ቢተነፍስ፣ አገጩ በምራቅ ቢርስ ሙቀት መትቶታል። ወደ ቀዝቃዛ ክፍል ውሰዱት፤ ጆሮውንና እግሩን ለብ ባለ ወይም በመጠኑ በቀዘቀዘ ውኃ አርጥቡ። የበረዶ ውኃ አታፍስሱበት፤ ድንጋጤው ይጎዳዋል። ከዚያ ማዳም ወደ እንስሳት ሐኪም (ዶክቶር በይጣሪ) እንድትወስደው ንገሯት።

ስለ ውኃው ጡጦ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ጡጦ ሙሉ መሆኑ ብቻ እንስሳው ጠጥቷል ማለት አይደለም፤ በጫፉ ያለችው ኳስ ስትጣበቅ ውኃ አይወርድም። በየጧቱ በጣታችሁ ንኳትና ጠብ ማለቱን እዩ።

መኖሪያውን በተመለከተ፣ ለሁለት ጊኒ ፒጎች ቢያንስ አንድ ካሬ ሜትር ያህል ወለል ያስፈልጋል። አገር ቤት ለዶሮ እንደምንሠራው ቆጥ ከፍታ አይፈልጉም፤ መሮጫ እንጂ። ወለሉ ሽቦ አይሁን፣ እግራቸውን ያቆስላል። ጋዜጣ አንጥፋችሁ ድርቆሽ ጣሉበት፤ ሽታው የሚከብድ የጥድ ሳጋቱራ ሳንባቸውን ይጎዳል። ለየራሳቸው መደበቂያ ካርቶን ስጧቸው፤ አንዱ ሌላውን እንዳይዘጋበት ሁለት በር ይኑረው። ብቻውን የሚኖር ጊኒ ፒግ ያዝናል፤ ከጥንቸል ጋር ግን አይቀላቀል። የባሕር ዳር ድመቶችና ቁራዎች አይተኙም፤ የዶሮ ሽቦ አይጥን አያግድም፣ ድመትም ትበጥሰዋለች። ቀዳዳው ከአንድ ሳንቲ ሜትር ትንሽ ብቻ የሚበልጥ፣ የተበየደ ጠንካራ ሽቦ ይሻላል። የባሕሩ ጨው ስለሚያዝገው በየወሩ በእጃችሁ ፈትሹት።

አሁን ደግሞ ስለ ራሳችሁ። ይህን በጥብቅ እንነግራችኋለን። የእንስሳቱ ሽንት ነጭ ሆኖ ይደርቃልና ብዙዎች ክሎሮክስ (በረኪና) ይደፉበታል፤ ካልለቀቀም የሽንት ቤት አሲድ ይጨምራሉ። በረኪና ከአሲድ ጋር፣ ከኮምጣጤ ጋርም ሲቀላቀል መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ከሽንት ጋር ሲገናኝም እንዲሁ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይፈጥራል። በተዘጋ መኽዘን ውስጥ ይህ ሰው ይገድላል። መጀመሪያ እንስሳቱን አውጡ፣ በሩን ክፈቱ፣ ሽንቱን በኮምጣጤ ብቻ አለስልሳችሁ በብዙ ውኃ እጠቡ። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ይበቃል። ፒፍ ፓፍ የመሰለ የነፍሳት መርዝ እዚያ ውስጥ አይነፋ።

የአገሩ መንግሥት በየዓመቱ በፈረንጆች ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ሠራተኛ በፀሐይ ላይ እንዳይሠራ ይከለክላል። ይህ የወጣው ለድርጅት ሠራተኞች ቢሆንም ሰዓቱን ለራሳችሁም ያዙት፤ መኽዘኑን ጎሕ ሲቀድ ወይም ፀሐይ ከገባች በኋላ አጽዱ። ቆዳችሁ ላይ ክብ ሆኖ የሚያሳክክ ነገር ቢወጣ ከእንስሳው የተላለፈ ጭርት ሊሆን ይችላልና ለሐኪም አሳዩት።

ምግባቸው በዋናነት ድርቆሽ ነው። በርሲም ለግልገልና ለእርጉዝ ጥሩ ቢሆንም ለዐዋቂው ካልሲየሙ ይበዛበታል። እንደ ሰው ሁሉ ቫይታሚን ሲን በገላቸው መሥራት አይችሉም፤ በየቀኑ ቁራጭ ጣፋጭ ቃሪያ (ፊልፊል ባሪድ) ይበቃቸዋል። ሲያመው «ለእኔ የታዘዘልኝ አሞክሲሲሊን አለ» ብላችሁ እንዳትሰጡት፤ የፔኒሲሊን ወገን መድኃኒት ይገድለዋል። ግማሽ ቀን ካልበላ ለሐኪም ይደርሳል።

የሚቀረው ቅዳሜ ማታ ነው። ቤተሰቡ ወደ ደማም ሲመለስ እንስሳቱ ለሐሪሱ ተትተው ይቀራሉ፤ ሙከይፉም ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ይዘጋል። አብረው በመኪና እንዲሄዱ ጠይቁ፤ መንገድ ላይ ገበያ ቢቆም በተዘጋ መኪና ውስጥ አይቅሩ። አባባሉ ካስቸገራችሁ «ማማ፣ አልጉርፋ ሃርራ፣ አልሐይዋን የሙት» (ክፍሉ ይሞቃል፣ እንስሳው ይሞታል) በሉ። ቴርሞሜትር ካለ ግን ከንግግር ይበልጣል።

እኅታችን እንዲህ አደረገች። ትንሽ ቴርሞሜትር መኽዘኑ ውስጥ ሰቅላ፣ ጧት 4 ሰዓት ላይ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ለማዳሟ በዋትሳፕ ላከች። 41 ዲግሪ ይል ነበር። ጊኒ ፒጎቹ በዚያው ቀን ከሳሎኑ ጀርባ ወዳለው ኮሪደር ገቡ።