ያልለካሁት ቁጥር

ወደ ጋዜጠኝነት ከመዛወሬ በፊት አንድ ሴሚስተር ፊዚክስ ተምሬአለሁ። በኤሌክትሮኒክስ ላብ የመጀመሪያው ሥራችን ቀላል ነበር፤ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ ባለ 330 ኦም ሬዚስተርና ቀይ ኤልኢዲ በተከታታይ አገናኝቶ ከረንቱን መለካት።

ከረንት ሲለካ መስመሩ ተቆርጦ መልቲሜትሩ መሀል ይገባል። እኔ ግን ቮልት የምለካ ይመስል ቀጥታ ባትሪው ጫፎች ላይ አሳረፍኩት፤ ፊውዙ ተቃጠለ። አፍሬ ዝም አልኩ። ኤልኢዲው 2 ቮልት ያህል ስለሚወስድ ቀሪውን 7 ቮልት ለ330 አካፈልኩና «21 ሚሊአምፔር» ብዬ ጻፍኩ።

ረዳት መምህራችን በሌላ መልቲሜትር ለካው፤ 18 ሆነ። ለካ ባትሪው ደክሞ 8 ቮልት ብቻ ቀርቶት ኖሯል! «ስሌቱ ልክ ነው፤ ግን ይሄን ቁጥር መቼ አየኸው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። የፊውዙን ነገር ተናዘዝኩ። ሳይቆጣ ፊውዙን ቀይሮ እንደገና አስለካኝ።

ዛሬ ዜና ስጽፍ፣ «ሰውየው እንዲህ ሳይል አይቀርም» ብዬ ጥቅስ ልሞላ ሲቃጣኝ ያቺ 21 ትዝ ትለኛለች። የዲፓርትመንቴ ልጆች፣ ያልለካነውን አንጻፍ፤ ፊውዝ ካቃጠልንም እንናገር።