የክሮን በሽታ ከአንጀት ኦፕራሲዮን በኋላ መመለሱ እንዴት ይታወቃል?

ብዙ ሰው ሆዱ ካልቈረጠው፥ ምግቡም ከተስማማው፥ በሽታው ፈጽሞ ለቆኛል ብሎ ያምናል። ይህ እምነት የክሮን በሽታ በሚባለው የአንጀት ሕመም ረገድ ብርቱ ጉዳት ስለሚያመጣ፥ በዚህ ወር ትምህርታችን ነገሩን እናስረዳለን። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በሽታው ምንድን ነው?

ይህን በሽታ በ1932 በኒውዮርክ ከተማ በማውንት ሳይናይ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ሐኪሞች ክሮን፥ ጊንዝበርግና ኦፐንሃይመር ገልጸው ጻፉት። ደዌው የአንጀትን ግድግዳ እያቈሰለና እያወፈረ መተላለፊያውን ያጠባል፤ ከሰው ወደ ሰው ግን አይተላለፍም። አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠቃው ቀጭኑ አንጀት ከወፍራሙ ጋራ የሚገናኝበትን ሥፍራ ነው። መተላለፊያው ሲዘጋ ወይም መግል ሲቋጥር ሐኪሙ የታመመውን ክፍል ቈርጦ ያወጣና ጤነኞቹን ጫፎች ያጋጥማል። ነገር ግን ኦፕራሲዮኑ የተበላሸውን ያስወግዳል እንጂ የበሽታውን ሥር አይነቅልም።

በስውር መመለሱ

በቤልጅግ አገር በሉቨን ከተማ ሐኪሙ ሩትኸርትስና ባልደረቦቻቸው በ1990 ባወጡት ጥናት፥ ኦፕራሲዮን ከተደረገላቸው 100 በሽተኞች መካከል 73ቱ ያህል በአንድ ዓመት ውስጥ ከመጋጠሚያው በላይ ባለው ቀጭን አንጀት የበሽታው ምልክት ታይቶባቸዋል። ሕመም የተሰማቸው ግን 20 ያህል ብቻ ነበሩ። እንግዲህ የበሽተኛው ስሜት ታማኝ ምስክር አይደለም ማለት ነው።

በምን ይታወቃል?

ዋናው ምርመራ ኮሎኖስኮፒ ነው። ሐኪሙ በጫፉ መብራትና ካሜራ ያለበትን ተጣጣፊ ቱቦ በፊንጢጣ አስገብቶ መጋጠሚያውን ያያል፤ ያየውንም ከ0 እስከ 4 በሚደርስ ደረጃ ይመዘግባል። 0 ማለት ንጹሕ ሲሆን፥ 4 ማለት ትልልቅ ቍስል ወይም ጥበት አለ ማለት ነው። ከ2 ጀምሮ በሽታው እንደ ተመለሰ ይቈጠራል። ምርመራው የሚደረገው ኦፕራሲዮኑ ካለፈ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ነው። በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ተደርጎ በ2015 የታተመ ጥናት፥ በ6ኛው ወር ታይተው ቍስል ሲገኝባቸው መድኃኒታቸው የተጠናከረላቸው በሽተኞች፥ በ18ኛው ወር በሽታው የተመለሰባቸው ከ100 ወደ 49 ሲሆኑ፥ በ6ኛው ወር ካልታዩት ግን 67 እንደ ነበሩ አሳይቷል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛው፥ በሰገራ ውስጥ ያለውን ካልፕሮቴክቲን የተባለ ንጥረ ነገር መለካት ነው። ልኩ ከፍ ሲል አንጀት መቈጣቱን ያመለክታል፤ ነገር ግን የተቅማጥ ተሕዋስያንም ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ።

ተቅማጥ ሁሉ መመለስ አይደለም

ተቈርጦ የወጣው ክፍል ሐሞትን መልሶ ይመጥ ስለ ነበር፥ ከወጣ በኋላ የተረፈው ሐሞት ወደ ወፍራሙ አንጀት እየወረደ ተቅማጥ ያመጣል። በአገራችንም አሜባና ጃርዲያ እንዳሉ የታወቀ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያም አንጀትን ሲይዝ የክሮንን በሽታ ይመስላል። ለክሮን የሚሰጡት አንዳንድ መድኃኒቶች የሰውነትን መከላከያ ስለሚያደክሙ፥ ይህ ሳይጣራ መድኃኒት ማጠናከር አደገኛ ነው።

ኦፕራሲዮን የተደረገለት ሰው ሊያደርገው የሚገባ

አንደኛ፥ ደኅንነት ቢሰማውም የምርመራ ቀጠሮውን አያሳልፍ። የኦፕራሲዮኑንም ወረቀት በጥንቃቄ ያስቀምጥ።

ሁለተኛ፥ ሲጋራ ማጤስን ይተው፤ ትምባሆ የመመለሱን ዕድል በእጥፍ ያህል ያሳድጋልና።

ሦስተኛ፥ ክብደቱ ቢቀንስ፥ ትኩሳት ቢኖረው፥ ከምግብ በኋላ ሆዱን ቢቈርጠው ወደ ሐኪም ይሂድ። ሆዱ ተነፍቶ ቢያስመልሰውና ዐይነ ምድርም ሆነ ፈስ ቢከለከል ግን በዚያው ቀን ሆስፒታል ይድረስ።

መምህራንም እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ተማሪ ሲኖር፥ ወደ መጸዳጃ ቤት መመላለሱን እንደ ስንፍና አይቍጠሩበት። ቁመቱና ክብደቱ ከጓደኞቹ ወደ ኋላ ሲቀር ካዩም ለወላጆቹ ያስታውቁ። ከአንጀት በየጊዜው እየተቈረጠ የሚወጣው አይተካምና፥ በጊዜ የተገኘ ቍስል ሁለተኛውን ኦፕራሲዮን ሊያስቀር ይችላል።