ገንዳውን ዛሬ፣ ዓሣውን በኋላ

ወረታ ላይ ለምግብ ቤቱ ማሳመሪያ ባለ 60 ሊትር የመስታወት ገንዳ የሚገዛ ነጋዴ ዓሣውንም በዚያው ቀን ከጨመረ ገንዘቡ ውሃ ሊበላው ይችላል። ከዓሣው ቆሻሻና ከተራረፈ ምግብ አሞኒያ የተባለ መርዝ ይወጣል፤ ይህን የሚያከስሙ ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ውስጥ እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያው ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ በክፍት ባልዲ አድሮ ይሞላ፣ ማጣሪያው ሌት ተቀን ይሥራ፣ በየቀኑም ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣል ይደረግበት። ከዚያ ለመጀመሪያ 4 ወንድ ጉፒ ይበቃል፤ በየሳምንቱ የውሃው ሩብ ይለወጣል። የጣና ቆሮሶ በቅርብ ቢገኝም በወራት ውስጥ ገንዳው ይጠበዋል፤ እሱ ለድስት ነው። የሰለቹትን የገንዳ ዓሣ ርብ ወይም ጉማራ ወንዝ መልቀቅ ግን አይገባም። ሁለቱም ጣና ይገባሉ፤ በዓለም ሌላ ቦታ ከማይገኙት የጣና ባርበስ ዝርያዎች ብዙዎቹ በክረምት እንቁላላቸውን የሚጥሉት ወደነዚህ ወንዞች ወጥተው ነው።