ጸጉሬ ለምን ይረግፋል?

በቀን ከ50 እስከ 100 ጸጉር ቢረግፍ የተለመደ ነው። ከዚያ ሲበዛ ወይም ራስዎ ላይ ባዶ ቦታ ሲታይ ግን ሐኪም ማየት ያስፈልጋል።

ሹሩባ ጸጉር ይነቅላል ወይ?
ሹሩባው ሳይሆን ጥብቀቱ ነው። ከተሠሩ በኋላ ግንባርዎን ካመመዎት ወይም ብጉር ካወጣ ቶሎ ይፍቱት። ለልጅዎም ላላ አድርገው ይሥሩላት። በጊዜ ከተተወ ጸጉሩ ይመለሳል፤ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ ጠባሳ ስለሚሆን አይበቅልም።

ከወለድኩ በኋላ በጣም እየረገፈ ነው፤ ምን ላድርግ?
አይደንግጡ። ከወሊድ በኋላ ከ2 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓመት ውስጥ በራሱ ይስተካከላል።

ቅቤ መቀባትስ?
ጸጉርን ያለሰልሳል እንጂ የረገፈውን አያበቅልም።

መድኃኒት አለው?
እንደ መንስኤው ነው። የብረት ማነስ ወይም የታይሮይድ ችግር ከሆነ በደም ምርመራ ይታወቃል፤ እሱ ሲታከም ጸጉሩም ይሻሻላል። ያለ ምርመራ ግን የብረት ክኒን አይውሰዱ። ሚኖክሲዲል የሚባለው የሚቀባ መድኃኒት ውጤቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው፤ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም የሚያጠቡ ከሆነ አይጠቀሙበት።

አፍረው በሻሽ ሸፍነው አይቆዩ። ኩፓት ሆሊም ሄደው ለቤተሰብ ሐኪምዎ ያሳዩ፤ ቋንቋ ካስቸገረዎት አስተርጓሚ ይጠይቁ።