ተረት ተረት በኢስትሊ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና ካነበባችሁ በኋላ ከግርጌው የቀረቡትን መልመጃዎች ሥሩ።

ሀ. ምንባብ

ኢስትሊ ከናይሮቢ መኻል ከተማ በስተምሥራቅ የሚገኝ ሰፈር ነው። ሰፈሩ በዚህ ስም የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1921 ሲሆን፣ በመጀመሪያ ብዙ ሕንዳውያን ይኖሩበት ነበር። እየቆየም የሶማሌዎች ቁጥር በረከተ። በተለይም የሶማሊያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1991 ከፈረሰ በኋላ ብዙ ስደተኞች ስለ ገቡበት ታላቅ የንግድ ሰፈር ሆነ። ኢትዮጵያውያንም ሱቅና ምግብ ቤት ከፍተው ይኖሩበታል። በዚህም የተነሣ በአንዱ ጎዳና ላይ ሶማሊኛ፣ ስዋሂሊ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛና እንግሊዝኛ ይሰማሉ።

በዚህ ሰፈር ከወላጆቿ ጋር የምትኖር አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አለች። አባቷ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የስፌት መኪናቸውም የተቀመጠው ቤተሰቡ በሚኖርበት ክፍል በር አጠገብ ነው። ልጅቱ ከመጻሕፍት ሁሉ አብልጣ የምትወደው ምናባዊ ልብ ወለድን ነው። ይኸውም እንስሳት እንደ ሰው የሚናገሩበት፣ ሕያዋን ወደ ሙታን አገር የሚጓዙበት፣ ጭራቅና ዘንዶ የሚታዩበት ታሪክ ማለት ነው። ገንዘብ ስታገኝ በመኻል ከተማ በየመንገዱ ዳር ከሚዘረጉት አሮጌ መጻሕፍት አንዱን መርጣ ትገዛለች፤ ገንዘብ ስታጣ ደግሞ በካሎሌኒ ወደሚገኘው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሄዳ ታነባለች።

ይህ ፍቅር ያደረባት መጽሐፍ ማንበብ ከመጀመሯ በፊት ነው። እናቷ ማታ ማታ «ተረት ተረት» ሲሉ፣ እርሷ «የመሠረት» ብላ ትቀበል ነበር። የጎረቤቷ የሶማሌ ልጆች እናት «ሼኮ ሼኮ» ሲሉ ልጆቻቸው «ሼኮ ሐሪር» ይሉ ነበር፤ ትርጉሙም የሐር ተረት ማለት ነው። በስዋሂሊ ደግሞ ተረተኛው «ፓውክዋ» ሲል አድማጮቹ «ፓካዋ» ብለው ይመልሳሉ። የአማርኛው ጭራቅ፣ የሶማሊኛዋ ባለ ረጅም ጆሮ ሰው በላ ሴት ደግዴር፣ የስዋሂሊው ዚምዊ ስማቸው ቢለያይም ጠባያቸው አንድ መሆኑን ልጅቱ ገና በሕፃንነቷ ተረዳች። ሁሉም ያስፈራሉ፤ ብዙውን ጊዜም ጉልበት በሌለው ነገር ግን ብልሃት ባለው ሰው ይሸነፋሉ።

ልጅቱ አንድ ደብተር አላት። በግራው ገጽ በቅርቡ ያነበበቻቸውን፣ በቀኙ ገጽ ወደፊት የምታነባቸውን መጻሕፍት ትመዘግባለች። በግራው ገጽ ሦስት መጻሕፍት ተጽፈዋል። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1937 የታተመው የእንግሊዛዊው የቶልኪን ድርሰት «ሆቢት» ነው። በዚህ ታሪክ ቁመቱ አጭር፣ ከምቹ ቤቱ መውጣት የማይወድ ፍጡር፣ ዘንዶ የሚጠብቀውን ሀብት ለማስመለስ ከሚጓዙት ጋር አብሮ ይሄዳል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1952 ለንደን ላይ የታተመው የናይጄሪያዊው የአሞስ ቱቱዎላ መጽሐፍ ሲሆን፣ አንድ ሰው የሞተበትን የዘንባባ መጠጥ ቀጂ ፍለጋ እስከ ሙታን ከተማ ድረስ ያደረገውን ጉዞ ይተርካል። ሦስተኛው የኬንያዊው የንጉጊ ዋ ቲዮንጎ «ሰይጣን በመስቀል ላይ» ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሌቦችና ቀማኞች በዋሻ ተሰብስበው «ሕዝቡን ይበልጥ የዘረፈ ማን ነው?» በማለት ይወዳደራሉ።

አንድ ማታ ልጅቱ የመጨረሻውን መጽሐፍ ዘግባ ደብተሯን ስታጥፍ አባቷ ተመለከቷት።

«ልጄ» አሏት፤ «ፈተናሽ ደርሷል። ያልተደረገ ነገር ማንበብ ምን ይረባሻል? እኔና እናትሽ አገራችንን ለቅቀን እዚህ የምንደክመው አንቺ ተምረሽ ራስሽን እንድትችዪ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ተረቱ ይቁም።»

ልጅቱ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ በትሕትና መለሰች። «አባባ፣ የዚህ መጽሐፍ ደራሲ በጊኩዩ ቋንቋ በቀረበ ተውኔት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1977 መጨረሻ ተይዘው ያለ ፍርድ አንድ ዓመት ያህል ታስረው ነበር። መጽሐፉን የጻፉት በዚያው በካሚቲ እስር ቤት ነው። ወረቀት ስላልነበራቸው የጻፉት በመጸዳጃ ወረቀት ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ታተመ። ወረቀት የተነፈገ ሰው ለከንቱ ነገር ይደክማልን?»

አባቷ የስፌት መኪናቸውን አቆሙ። ጥቂት ካሰቡም በኋላ እንዲህ አሉ፦ «በእኛም አገር ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። በልጅነቴ ታላቅ ወንድሜ ሲናገር ሰምቻለሁ። አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. ‹አልወለድም› የተባለ መጽሐፍ አሳትመው ነበር። ገና በእናቱ ማሕፀን ያለ ፅንስ የዓለምን ግፍ አይቶ አልወለድም ይላል። መጽሐፉም ታገደ። ያገዱት ሰዎች ፅንስ እንደማይናገር አያውቁም ነበርን? ያውቃሉ። የፈሩት የተናገረው ነገር እውነት መሆኑን ነው።»

ይህን ሲናገሩ ልጅቱ ፊቷ በራ። አባቷ ግን ነገራቸውን አልጨረሱም ነበር። «እንግዲህ ተረት ከንቱ አይደለም ካልሽ፣ የሌላውን ተረት ሁሉ ስታነቢ የራስሽን መቼ ልታነቢ ነው?» ሲሉ ጠየቋት። ልጅቱ አንገቷን ደፋች። አማርኛን አቀላጥፋ ብትናገርም ጽሑፉን የምታነበው ፊደል እየለቀመች መሆኑን አባቷ ያውቃሉና።

በዚህ ጊዜ የደብተሯን ቀኝ ገጽ ገልጣ አሳየቻቸው። በዚያም ሦስት መጻሕፍት ተመዝግበዋል። የመጀመሪያው የሞምባሳዋ ደራሲ ከዲጃ አብደላ ባጃበር እ.ኤ.አ. በ2021 ያሳተመችው «የዝገት ቤት» ነው። በዚህ መጽሐፍ አንዲት ልጅ በባሕር የጠፋውን ዓሣ አጥማጅ አባቷን ለመፈለግ ከአጥንት በተሠራች ጀልባ፣ ከምትናገር ድመት ጋር ትጓዛለች። ሁለተኛው በ1948 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ተረት ተረት የመሠረት» ነው። ሦስተኛው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ» በሚል ስም ያሳተሙት፣ በኋላ «ጦቢያ» እየተባለ የሚጠራው ድርሰት ነው። ዛሬ «ልብ ወለድ» የምንለው ስያሜ የተወረሰው ከዚህ መጽሐፍ ነው።

«ሁለቱ የአማርኛ ናቸው» አለች ልጅቱ፤ «በቀኙ ገጽ ከተጻፉ ግን ዓመት አለፋቸው። የማልጨርሳቸው እየመሰለኝ ፈርቼ ተውኳቸው።»

አባትና ልጅ በዚያች ሌሊት ተስማሙ። ፈተናው እስኪያልፍ አዲስ መጽሐፍ አይገዛም፤ በየማታው ግን የትምህርት ቤት ሥራዋን ከፈጸመች በኋላ አንድ ገጽ አማርኛ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች፤ አባቷም ያርሟታል። ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመዳቸውም የሐዲስ ዓለማየሁን መጽሐፍ አመጣላቸው።

በመጀመሪያው ማታ አንዱን ገጽ ለመጨረስ ረጅም ጊዜ ፈጀባት። ‹ጸ›ን ከ‹ጰ›፣ ‹ኀ›ን ከ‹ነ› እያምታታች፣ አባቷም ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ እያረሙ፣ እንደ ምንም ከገጹ ግርጌ ደረሰች። ደክሟት ስለ ነበር መጽሐፉን ልታጥፍ ስትል የመኪናው ድምፅ ከቆመ ቆይቶ እንደ ነበር ተገነዘበች።

«ቀጥዪ እንጂ» አሏት አባቷ፤ «ከዚያስ ምን ሆነ?»

ለ. የግንዛቤ ጥያቄዎች

1. ኢስትሊ የብዙ ቋንቋዎች መገናኛ የሆነው በምን ምክንያት ነው?
2. በአማርኛ፣ በሶማሊኛና በስዋሂሊ ተረት የሚከፈትባቸውን ቃላት ከነመልሳቸው ጻፉ።
3. አባትየው ተረቱ እንዲቆም የፈለጉት ስለ ምን ነበር? ምክንያታቸው ተገቢ ነውን?
4. ልጅቱ የንጉጊን ታሪክ፣ አባቷ ደግሞ የአቤ ጉበኛን ታሪክ ያነሡት ምን ለማስረዳት ነው? የሁለቱን ማስረጃዎች ልዩነት ግለጹ።
5. የስፌት መኪናው በምንባቡ ውስጥ ሁለት ጊዜ ቆሟል። በእያንዳንዱ ጊዜ የቆመበትን ምክንያት አስረዱ።

ሐ. የቃላት ፍቺ

ለሚከተሉት ቃላትና ሐረጎች ከምንባቡ በመነሣት ፍቺ ስጡ፤ በእያንዳንዳቸውም ዓረፍተ ነገር መሥርቱ።
በረከተ፤ ምናባዊ፤ የተነፈገ፤ አንገቷን ደፋች፤ ፊደል እየለቀመች፤ አቀላጥፋ።

መ. የቋንቋ ማስታወሻ

ሁለት ቃላት ተጣምረው አንድ አዲስ ፍቺ ሲሰጡ ጥምር ቃል ይባላሉ። «ልብ ወለድ» ልብ የወለደው፣ ማለትም ከአሳብ የፈለቀ ታሪክ ማለት ነው። «ቤተ መጻሕፍት» እና «ገጸ ባሕርይ» የሚሉትም ጥምር ቃላት ናቸው። እናንተም የምታውቋቸውን አምስት ጥምር ቃላት ጽፋችሁ ፍቺያቸውን አስረዱ።

ሠ. ድርሰት

እንደ ልጅቱ አንድ ገጽ ለሁለት ከፍላችሁ፣ በግራው ያነበባችኋቸውን ሦስት መጻሕፍት፣ በቀኙ ልታነቧቸው የምትፈልጓቸውን ሦስት መጻሕፍት መዝግቡ። ከዚያም ከቀኙ ገጽ አንዱን መርጣችሁ፣ እስከ ዛሬ ሳታነቡት የቀራችሁበትን ምክንያት በሁለት አንቀጽ ጻፉ።