እርጅናው የቱ ነው፣ በሽታውስ? የአዛውንቶቻችን አንጎልና የእኛ አማና

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ኡሳማ ኢብኑ ሸሪክ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት፣ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ፣ የገጠር ዐረቦች ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥተው መታከም ይገባቸው እንደሆነ ጠየቁ። ነቢዩም እንዲታከሙ አዘዟቸው፤ አላህ ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት እንዳደረገለት፣ ከአንድ ነገር በቀር፣ ነገሯቸው። ያ አንድ ነገር እርጅና ነው።

ከዚህ ሐዲስ ሁለት ትምህርት እናገኛለን፦ በሽታን ማከም፣ እርጅናን ደግሞ በሶብር መቀበል። የሚያስቸግረን ሁለቱን መለየቱ ነው። ሊታከም የሚችለውን ሕመም «እርጅና ነው» ብለን እናልፈዋለን። በሌላ በኩል ጤነኛ አዛውንት መልስ ስላዘገዩ ብቻ «ጃጅተዋል» እንላለን። የዛሬው ትምህርታችን የሳይንስ ሰዎች በጤነኛ አዛውንቶች አንጎል ነጭ ክፍል ላይ ያገኙትን ይዞ ይህን ልዩነት ለማሳየት ይሞክራል።

1. ነጩ የአንጎል ክፍል ምንድን ነው?

አንጎላችን በግርድፉ ግራጫማና ነጭ ክፍል አለው። ግራጫማው የነርቭ ሴሎች አካል የሚገኝበት ነው። ነጩ ደግሞ ሴሎቹን እርስ በርስ የሚያገናኙ ረጃጅም ክሮች ጥቅል ነው። ነጭ ያደረገው ማየሊን የሚባለው ቅባትነት ያለው ሽፋን ሲሆን፣ ክሮቹን እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ ይጠቀልላቸዋል። ልባስ የሌለው ቀጭን ክር መልእክትን በሰከንድ 1 ወይም 2 ሜትር ያህል ያስኬዳል። በደንብ የተሸፈነ ወፍራም ክር ግን በሰከንድ 100 ሜትር ገደማ ሊያደርሰው ይችላል።

እንግዲህ ነጩን ክፍል እንደ መንገድ ቁጠሩት። መንገዱ ሲጎዳ ዕቃው ከመጋዘኑ ባይጠፋም እጃችን ለመግባት ይዘገያል።

2. እንዴት ይታያል?

ኤምአርአይ በጠንካራ ማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ይሠራል፤ የኤክስሬይ ጨረር የለውም። ምስሉን የሚሠራው በአብዛኛው በሰውነት ውኃ ውስጥ ካለው ሃይድሮጅን በሚያገኘው ምልክት ነው።

ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ የወጣ ሰው የሸማኔዎቹን ሥራ አይቶ ይሆናል። በተዘረጋ ድር ላይ የውኃ ጠብታ ብታሳርፉ በክሩ ርዝመት ይሄዳል እንጂ ከክር ወደ ክር በቀላሉ አይሻገርም። በአንጎል ውስጥም ውኃ በክሮቹ አቅጣጫ ይቀለዋል። ፒተር ባሰርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ስሌት አማካኝነት ኤምአርአይ ይህን የውኃ እንቅስቃሴ በየአቅጣጫው መለካት ቻለ። ልባሱ ሲሳሳ ወይም ክሮቹ ሲጎድሉ ውኃው ወደ ጎንም ይሄዳል። የሰው አንጎል ሳይከፈት የክሮቹ ሁኔታ የሚገመተው በዚህ መንገድ ነው።

3. በጤነኛ አዛውንቶች ላይ ምን ተገኘ?

የነጩ ክፍል መጠን እስከ ጎልማሳነት ያድግና ከዚያ በኋላ ይቀንሳል። በዴንማርክ ተመራማሪዎች የሟቾችን አንጎል መርምረው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ የ20 ዓመት ወንድ በልባስ የተሸፈኑ ክሮች ቢቀጣጠሉ 176,000 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚሆኑ ገመቱ። ይህ ምድርን ከአራት ጊዜ በላይ የሚዞር ርዝመት ነው። 80 ዓመት እስኪደረስ ግን ከመቶ 45 ያህሉ ይጎድላል። በኤምአርአይ ጥናቶችም ለውጡ ብዙ ጊዜ በፊተኛው የአንጎል ክፍል ጎልቶ ይታያል።

ሌላው ግኝት በአንዳንድ የኤምአርአይ ምስሎች ላይ ደምቀው የሚታዩ ነጫጭ ነጥቦች ናቸው። በኔዘርላንድስ በሮተርዳም ከ60 እስከ 90 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናት፣ ከእነዚህ ነጥቦች ፈጽሞ ነፃ የነበሩት ከመቶ 5 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ጥቂት ነጥብ ታየ ማለት ሰውዬው ታመመ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ይህ በኑሮ ላይ የሚታየው በዋነኛነት በፍጥነት ነው። ጤነኛ አዛውንት ስም ለማስታወስ፣ ሁለት ሰው አንድ ላይ ሲያወራ ለመከተል፣ ድንገተኛ ጥያቄ ለመመለስ ጊዜ ይፈልጋሉ። የቃላት ሀብታቸውና በዕድሜ ያካበቱት ዕውቀት ግን በአብዛኛው አብሯቸው ይቆያል።

4. እርጅና ብቻ ያልሆነው

ነጥቦቹ ሲበዙና ሲያያዙ ግን ነገሩ ይለያል። ብዙውን ጊዜ የሚያመለክቱት የአንጎል ጥቃቅን የደም ሥሮች መጎዳታቸውን ነው። ይህም ለስትሮክና ለመርሳት በሽታ ያጋልጣል። ከዕድሜ ቀጥሎ ትልቁ መንስኤ ደም ግፊት ነው፤ ደም ግፊት ደግሞ ይታከማል።

በአሜሪካ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ በሆኑ የደም ግፊት ሕሙማን ላይ የተደረገውና የኤምአርአይ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ስፕሪንት ጥናት ይህን አሳይቷል። የላይኛው ግፊታቸው ከ120 በታች እንዲሆን በታከሙት ላይ፣ በአራት ዓመት ገደማ የነጥቦቹ መጠን 0.92 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ጨመረ። ግቡ ከ140 በታች በነበረው ቡድን ግን 1.45 ጨመረ። ሕክምናው ጉዳቱን ባያቆመውም አዘግይቶታል። የእያንዳንዱን ሕመምተኛ ግብ የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው።

ጉዳዩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። እዚሁ ጉለሌ የሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2015 ከ15 እስከ 69 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ ባካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ ከመቶ 16 ያህሉ ከፍተኛ ደም ግፊት ነበራቸው። በአማካይ በቀን የሚበላው ጨው ከ8 ግራም በላይ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው።

5. ከእኛ ምን ይጠበቃል?

በሱረቱል ኢስራእ አንቀጽ 23 እና 24 አላህ (ሱ.ወ.) ወላጆች እኛ ዘንድ ሆነው ሲያረጁ የመሰላቸት ድምፅ እንኳ እንዳናሰማቸውና በእዝነት ዝቅ እንድንልላቸው ያዘናል። የተማርነው ነገር ይህን ትእዛዝ በየዕለቱ እንዴት እንደምንፈጽመው ያሳየናል።

ሶብር፦ አያታችሁን ስትጠይቁ መልሱን ጠብቁ። የጀመሩትን ዐረፍተ ነገር አትጨርሱላቸው። ቴሌቪዥኑን ዝጉ፣ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ። የምትጠብቋት ያቺ ጥቂት ሰከንድ፣ በኒያ ከሆነች፣ ኢባዳ ናት።

ሕክምና፦ ለእረፍት ቤት ስትገቡ ወላጆቻችሁንና አያቶቻችሁን ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ግፊታቸውን አስለኩ። ደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም፤ «ደህና ነኝ» ማለታቸው አይበቃም። ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ ረመዷን ሲመጣ በራሳቸው እንዳያቋርጡ ሰዓቱን ከሐኪም ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ።

ማስተዋል፦ የረከዓ ቁጥር መሳት በወጣትም ይደርሳል፤ ለዚህም ሱጁደ ሰህው አለ። ለዓመታት ከተመላለሱበት መስጂድ ወደ ቤት መመለሻው ሲጠፋባቸው ግን እርጅና ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ሐኪም ይያቸው። ፊት በአንድ ጎን ድንገት ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል ወይም አንደበት ሲተሳሰር ደግሞ ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

በመጨረሻ አንድ ማሳሰቢያ። ሱረቱ ሩም አንቀጽ 54 ሰው ከድካም ወደ ብርታት፣ ከብርታትም ወደ ድካምና ሽበት እንደሚሄድ ይነግረናል። «ኤምአርአይ ይህን አያ አረጋገጠ» ለማለት አንቸኩል። የአላህ ቃል የመሣሪያ ምስክርነት አያስፈልገውም፤ የዛሬ ጥናትም ነገ ሊታረም ይችላል። ሳይንሱ የሚጠቅመን አያው ያዘዘንን እዝነት በዕውቀት እንድንፈጽም ነው።

ለውይይት

ሀ) ቤታችሁ ውስጥ «እርጅና ነው» ተብሎ የታለፈ፣ ግን መታየት ያለበት ነገር አለ?
ለ) መታከምና ተወኩል ይጋጫሉ? ከላይ ካየነው ሐዲስ አንጻር ተወያዩ።
ሐ) ጀማዓችን በሰፈሩ መስጂድ ለሚሰግዱ አዛውንቶች ከጤና ተማሪዎቻችን ጋር ሆኖ የደም ግፊት መለኪያ ቀን ማዘጋጀት ይችላል?

አላህ ለወላጆቻችን ዓፊያ፣ ለእኛም ሶብር ይስጠን። ወላሁ አዕለም።