ልብ ወለድ ታሪክ ስለ መጻፍና ስለ ማረም

ልብ ወለድ ማለት ሰው በልቡ አስቦ የሚወልደው ታሪክ ነው። በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ከተማ ታተመ፤ እርሱም በኋላ «ጦቢያ» የተባለው መጽሐፍ ነው። ደራሲው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስም ከዚያ ወዲህ በድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው ሠርተዋል።

ልጆች ሆይ፥ ታሪክ በአንድ ቀን ተጽፎ የሚያልቅ አይምሰላችሁ። የቅኔ ተማሪ የቈጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርምለታል። ቁም ጸሐፊም በብራና ላይ የሳተውን ፊደል በካራ ይፍቃል። የልብ ወለድ ጸሐፊ ግን የገዛ ራሱ መምህር መሆን አለበት፤ ይህም ከሁሉ ይከብዳል።

እነሆ፥ አንድ ጸሐፊ በድሬዳዋ ስላለው ስለ ቀፊራ ገበያ ሊጽፍ ተነሣ እንበል። በመጀመሪያው ቀን ያሰበውን ሁሉ ሳያቋርጥ ጻፈ። ስለ ገበያው ቅስት በር፥ ስለ ግመሎቹ፥ ስለ ቅመሙ ሽታ ብዙ ተናገረ። አንድ ልጅም ከአንዲት ሴት ክምር ላይ ብርቱካን አንሥቶ እንደ ሸሸ ጻፈ። በመጨረሻም «ይህ ልጅ ክፉ ሌባ ነው» ብሎ ዘጋ።

ወረቀቱን ሳምንት ያህል አስቀምጦ ቈየና ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው፤ ዓይን የዘለለውን ስሕተት ጆሮ ይይዘዋልና። የገጹ እኩሌታ የበሩ ወሬ ብቻ ሆኖ አገኘው። ያማረ ቃል መሰረዝ ያሳዝናል፤ ቢሆንም ከአንድ ዐረፍተ ነገር በቀር ሁሉን ሰረዘው።

ከዚያም ራሱን ጠየቀ። ክምሩ ትልቅ ሳለ ልጁ ስለ ምን አንድ ብቻ አነሣ? ሴቲቱስ አላየችውምን? መልስ ቢያጣ ወደ ቀፊራ ተመልሶ በብርቱካን ሻጮቹ ፊት ረጅም ጊዜ ቆመ። ብርቱካን የምትሸጥ ሴት ዓይኗን ከክምሯ ላይ እንደማታነሣ አስተዋለ።

ስለዚህ እንደ ገና ጻፈ፦ «ልጁ እጁን ሰደደ። ሴቲቱ አየችው። ፊቷንም ወደ ሌላ መልሳ ሳንቲሟን ትቈጥር ጀመር።»

ከዚህ በኋላ «ክፉ ሌባ» የሚለው ቃል ስፍራ አላገኘም። ታሪኩ የልጁ መስሎት ነበር፤ አሁን ግን የሴቲቱ ሆነ። እንግዲያስ መጀመሪያውም ሊለወጥ ነው፤ ሴቲቱ ከየት መጣች? በዚያን ቀንስ ምን ያህል ሸጣ ነበር? ጸሐፊው ሦስተኛውን ወረቀት አነሣ።